ሙሽራዋ የጠፋችበት ልብወለድ

የበደለኝ የአማርኛ አስተማሪያችን ነው፤ ቡታጅራ፣ ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ በመስቀል። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አስተማሪው ደግ ሰው ነበሩ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እኔ አንቱ አልለውም።

በክረምቱ አንድ ልብወለድ አውሶኝ ነበር። በሠርጓ ማለዳ ከቤት ስለጠፋች ሙሽራ የሚተርክ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሰው አገር ብቻዋን ታማ ትሞታለች። እናቴ ማንበብ ስለማትችል፣ ቆጮ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ በጉራጊኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ሙሽራዋ ስታመልጥ እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እናቴ ግን መጋገሯን አቆመች።

«ያ ሁሉ ድግስ ምን ሆነ?»

«ደራሲው እሱን አልጻፈውም።»

«እንዴት አይጽፍም? የሙሽራው እናት ብቻዋን ትብላው? ይሄ ሰው እናት የለውም።»

ትምህርት ሲከፈት አስተማሪው ምን ተማርሽበት አለኝ። እሱ፣ ደራሲው የገደላት ወላጆቿን ስላዋረደች ነው ባይ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅቷ ልክ ናት፣ የገደላት ፈርቶ ነው አልኩት። «አንቺስ ጉድ ነሽ» ብሎ ሳቀ። በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ልጅ የሚታጨው በመስቀል ነው፤ ነጋዴው ሁሉ ከአዲስ አበባ አገሩ የሚገባው ያኔ ነውና። አባቴም ከመርካቶ መጥቶ ነበር። አስተማሪው የሰሜን ሰው ነው፣ ዘመድ የለውም ብሎ ክትፎ ጠራው። ሦስት ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ነበር። ለእንኳን አደረሰህ የመጡ መሰሉኝ። የመጡት ለእኔ ነበር፤ ይህን አስተማሪውም አላወቀም።

አስተማሪው ቀድሞ ጨርሶ፣ እያስታጠብኩት ወደ አባቴ ዞረ።

«ይቺ ልጅዎ እኮ አትቻልም! ከሠርጓ የጠፋች ሙሽራ ልክ ናት ብላ ድርቅ አለችብኝ!»

ብቻውን ሳቀ። አንደኛው ሽማግሌ አባቴን በጉራጊኛ፣ «ልጅህ እንዲህ አለች?» አሉት። ሽማግሌዎቹ የክትፎ ጣባቸውን ሳያጋምሱ ተነሡና ሳይመርቁ ወጡ። ቤታችን ቀምሶ ሳይመርቅ የወጣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ የተረፈውን ክትፎ ታያለች።

«ምን አጠፋሁ? ስለ ልብወለድ እኮ ነው ያወራሁት» አለ አስተማሪው።

አባቴ መጽሐፉን አላነበበም፤ ከሁላችንም አክርሮ የፈረደው ግን እሱ ነው። «ያበላሻት ቀለም ነው» ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀረኝ። በምድር ላይ ኖራ በማታውቅ ሴት ምክንያት! እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ።

አስተማሪው ሊለምንልኝ አልመጣም። መጽሐፉን እንድመልስለት ግን ሁለት ጊዜ ልኮብኛል።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ማታ ተምሬ ስምንተኛ ክፍልን ጨረስኩ። መጽሐፉን አልመለስኩለትም።