ለቅዳሴ የሚሆን ልብስ

ባሌ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመው በጃኬት ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ ብዬ አልመልስም። ሥራ በዝቶበት ነው፣ እሑድም ይጠሩታል እላለሁ። እውነቱ ግን ጃኬት ነው።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ የቄስ ልጅ። በእኛ ቤት ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚለበስ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ መራመድ እንደምንለምደው ነው የለመድነው። ነጠላ መስቀለኛ ይጣፋል፤ ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል፤ ለሴት ሱሪ አይታሰብም። ለሐዘን ጥለቱ ወዴት እንደሚዞር፣ ለበዓል እንዴት እንደሚወርድ እጃችን ያውቀዋል። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ የለበሱትን ኩታ ራሳቸው አጥፈው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት ነበር። እናቴ እንኳ እንድትነካው አይፈልጉም።

ባሌን ያገኘሁት ቡይት ራስ ነው። ከደባርቅ በላይ፣ ፓርኩ መግቢያ አካባቢ ካሉት ሎጆች ባንዱ እኔ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ እሱ ውኃውንና መብራቱን ይጠግናል። አገሩ ሆሳዕና ነው፤ ሃይማኖቱ ካቶሊክ። ካቶሊክ የሚለው ቃል በጎንደር አገር ያረጀ ቁስል ነው። ሰዉ ታሪኩን በቅጡ ባያውቀውም ቁስሉን ያውቀዋል። ላገባው መሆኔን ለአባቴ ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። የምቆርበው የት እንደሚሆን ብቻ ጠየቁኝ። ከእሱ ጋር ነው አልኳቸው። ተነሥተው ወጡ።

ሠርጌ ላይ አልተገኙም። እናቴ ግን መጣች። ጎንደር ካለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ሌላው ሰው ሁሉ ተጫምቶ ነበር። ማንም አልሳቀባትም፤ ግን ማንም ጠጋ ብሎ አልነገራትም። ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ድረስ በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ ቆማ አየኋት። የሠርጌን ቀን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ደባርቅ ላይ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን የለንም። ከአንድ ግቢ ጓሮ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ተከራይተን እንሰበሰባለን። አንዳንድ እሑድ ካህናችን አባ ከጎንደር በሚኒባስ እየመጡ ይቀድሱልናል። ሰዉ ጥቂት ነው፤ ለሥራ ከሌላ አገር የመጡ፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንደ እኔ በጋብቻ የገቡ ሴቶች። አባ በሌሉበት ጸሎቱን የሚመሩት፣ አባ ሲመጡ ደግሞ በሩ ላይ የሚቆሙት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሁላችንም መምህር እያልን ነው የምንጠራቸው። በክረምትም በበጋም ያው ጥቁር ኮት፣ ያው ክራቫት ነው የሚለብሱት። ጫማቸው ላይ ጭቃ አይቼ አላውቅም፤ ደባርቅ ላይ ጫማን ከጭቃ ማዳን እንዴት እንደሚቻል እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መምህር ደንብ አውጥተው ነበር። ሴት ነጭ ነጠላ ትለብሳለች፤ ቀሚሷም ከጉልበቷ በታች ይሆናል። ወንድ ኮት ይለብሳል፤ ኮት ከሌለው የተተኮሰ ሸሚዝ። ጃኬት፣ በተለይ የቱሪስት ጃኬት፣ አይገባም። ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተራራው የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ፈረንጆቹ ጉዟቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ጃኬታቸውን ለአስጎብኚው፣ ለወጥ ቤቱ፣ ለበቅሎ ነጂው ይሰጡታል። በከተማው ውስጥ ደህና ሙቀት ያለው ልብስ ካለ እሱ ነው። መምህር ግን የሚፈሩት ሌላ ነገር ነበር። "እዚህ አገር የሚያየን ሁሉ ጾም የላቸውም፣ ክብር የላቸውም ይለናል። ቢያንስ ልብሳችን ይመስክርልን" ይሉ ነበር።

እኔ ደንቡን ወድጄው ነበር። ከአባቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር ለእግዚአብሔር ቤት እንዴት እንደሚለበስ ማወቄ ነው፤ እሱን እንኳ መልሼ እንዳልጥለው መምህር ያገዙኝ መሰለኝ። ቅዳሴ ባለበት ቅዳሜ የባሌን ሸሚዝ እተኩሳለሁ፤ የሠርጉን ኮት አራግፌ ወንበር ላይ አኖርለታለሁ። ኮቱ ስስ ነው፤ ለሆሳዕና ሙቀት የተሰፋ። እሱ ግን ለእኔ ብሎ ይለብሰዋል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅም እጆቹን ብብቱ ሥር ቀብሮ ይንቀጠቀጣል።

የሚወደው ልብስ ሌላ ነበር። አንድ እንግዳ የሰጠው ብርቱካንማ ጃኬት አለው፤ ወፍራም፣ ኮፍያ ያለው፣ ከሩቅ የሚታይ። ሎጁ ውስጥ የሞቀ ውኃ ተቋርጦ ሌሊቱን ሲጠግን ያደረለት እንግዳ ነው የሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥራም፣ ለገበያም፣ ለለቅሶም እሱን ነው የሚለብሰው። ከእሑድ በቀር።

አንድ እሑድ ቅዳሴው ሊጀመር ሲል ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ከአስጎብኚያቸው ጋር በር ላይ ደረሱ። ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት ቅዳሴ ፈልገው ነው። ሴትየዋ የለበሰችው ቁምጣ ነው፤ ጉልበቷ ተገልጧል፤ እግሯ ላይ የተራራ ጫማ። ሰውየው ብርቱካንማ ጃኬት ለብሷል፤ ልክ የባሌን ዓይነት። መምህርን አየኋቸው። አንድ ነገር የሚሏቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው፤ ከፊት ያሉትን ሁለት ወንበሮች በመሐረባቸው ጠርገው አስቀመጧቸው። እዚያ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ሄዱ።

ባሌ አጠገቤ ሆኖ በዚያ ስስ ኮቱ ውስጥ ሳቁን ለማፈን ሲታገል ይሰማኛል። ቤት ስንደርስ ግን አልሳቀም። ምሳችንን በልተን እስክንጨርስ ስለ ሌላ ነገር አወራ። ሲነሣ ብቻ የሚቀጥለው ቅዳሴ ላይ ጃኬቱን እንደሚለብስ ነገረኝ። ተው አልኩት። ፈረንጆቹ መንገደኞች ናቸው፣ አላወቁም አልኩት። መምህርም አላወቁም እንዴ ብሎ መለሰልኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሴ ሲደርስ እንዳለው አደረገ። የተኮስኩለትን ሸሚዝ ለበሰ፤ ሱሪውም ንጹሕ ነበር፤ ከላይ ግን ጃኬቱ። አብረን ሄድን። መምህር ገና ከሩቅ አይተውናል፤ በሩ ጋ ስንደርስ እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው ነበር።

"ወንድሜ፣ በዚህ ነገር ተነጋግረናል" አሉት በቀስታ። "ኮትህን ለብሰህ ተመለስ። አባ ገና አልጀመሩም፤ ትደርሳለህ።"

"መምህር፣ ባለፈው ከፊት ያስቀመጧቸው ሰውዬ የለበሱት ይኸንኑ ነው።"

"እሳቸው እንግዳ ናቸው።"

"እኔስ?"

"አንተማ የቤት ሰው ነህ። ሥርዓት የሚጠበቀው ከቤት ሰው ነው።"

ባሌ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ሳበ። "እንግዳ መሆን ይሻለኝ ነበር ማለት ነው" አለና ዞሮ ሄደ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ብርድ ነው፣ ለዛሬ ያሳልፉት ብዬ መምህርን ለመንኳቸው። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የቄስ ልጅ ሆኜ ይህን እንዴት እንዳጣሁት ጠየቁኝ። ያ ነገር አቃጠለኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ባሌን ተከተልኩ።

ቤት ስደርስ ጃኬቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ የተበላሸ ምድጃ ይፈታታ ነበር። ቢቆጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ተመልሶ እንደማይሄድ ነገረኝ፤ ምሳ ምንድን ነው እንደሚል ሰው ነው የነገረኝ። ለአንድ ወር ያህል ይበርድለታል ብዬ ጠበቅሁ። አልበረደለትም።

"እኔ ያንተን ቤተ ክርስቲያን ብዬ የአባቴን ትቻለሁ" አልኩት አንድ ቀን።

"አውቃለሁ" አለ። "አንቺ ሂጂ። አልከለከልኩሽም።"

ቢከለክለኝ እጣላው ነበር። መፍቀዱ የምይዘው አሳጣኝ።

አባ ነገሩን ሲሰሙ ቤታችን ድረስ መጡ። ባሌ በአክብሮት ተቀበላቸው፤ ሻይ አቀረበላቸው፤ የሚሉትን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በመጨረሻ እሳቸውን እንደሚያከብር፣ ያ ክፍል ውስጥ ግን እንደማይገባ ነገራቸው። አባ ወደ መምህር ሄዱ። መምህር፣ ይምጣና እንነጋገር አሉ። ባሌ፣ የመለሱኝ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይምጡ አለ። ሁለቱም አልሄዱም። የአንዱን ቃል ለሌላው የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። እናቴ ታማ ዳባት የሄድኩት በዚያ ሰሞን ነው። አባቴ ከሠርጉ በኋላ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አያወሩኝም ነበር። ያን ቀን ግን እናቴ ሸለብ ሲያደርጋት ከአልጋዋ ግርጌ ተቀምጠው አናገሩኝ። ከደባርቅ ዳባት ሚኒባሱ ወሬ ሳይጭን አይሄድም፤ ሰምተዋል።

"ባልሽ ቅዳሴ ትቷል አሉ።"

"አዎ አባዬ።"

ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደንቡን፣ ፈረንጆቹን፣ ጃኬቱን። ኩታቸውን ለሰው የማያስነኩ ሰው ናቸውና ለመምህር የሚፈርዱ መስሎኝ ነበር። አልፈረዱም። መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ አዞሩት።

"ታዲያ አንቺ ማንን ተከትለሽ ነው የሄድሽው?" አሉኝ።

በቁጣ አልነበረም። ቀጥለው ደጃቸው እንዳልተዘጋ፣ ንስሐ ገብቼ መመለስ እንደምችል ነገሩኝ። ልመለስ ብል የምመለሰው ብቻዬን ነው፤ ባሌን ደግሞ በሃይማኖት ለብቻው ትቼው። ያኔ ትዳሩ ምን እንደሚቀረው አልታየኝም። እናቴ ስትነቃ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኳት። ወደ ደባርቅ ስመለስ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ገብሱን እያየሁ የአባቴን ጥያቄ እመልሳለሁ፤ አንዱም መልስ አላረካኝም።

ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ፈረንጅ መምጣቱን አቆመ፤ ሎጁ ሠራተኞቹን በተነ። ባሌ ሥራ ፍለጋ ሐዋሳ ወረደ፤ እኔ እናቴን ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ ቀረሁ። እዚያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንደ ልብ ነው፤ ሰዉም የፈለገውን ለብሶ ይገባል አሉ። በስልክ ጠየቅሁት፤ እሑድ እሑድ ትሄዳለህ ወይ አልኩት።

"እሑድ ልብሴን አጥባለሁ" አለኝ።

እኛም ክፍል ውስጥ ሰው እየሳሳ ሄደ። ለሥራ የመጡት ወደየአገራቸው ተመለሱ። አባም መንገድ ሲዘጋባቸው ወራት ያልፋሉ። አንዳንድ እሑድ ለጸሎት የምንገኘው መምህር፣ እኔ፣ አንዲት ነርስና አንዲት አሮጊት ብቻ ነን። መምህር አርጅተዋል፤ ኮቱ ሰፍቷቸዋል፤ በሩ ላይ መቆሙም ስለሚያደክማቸው ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ።

በቅርቡ አንድ እሑድ ነርሷ ሳትመጣ ቀረች። አዳሯ ሥራ ላይ ነበር፤ በሥራ ልብሷ መምጣት አፍራ ቀጥታ ቤቷ እንደገባች ለመምህር ነገርኳቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ።

"ንገሪያት እባክሽ" አሉኝ። "በሥራ ልብሷም ትምጣ። ለሌሎቹም ንገሪ። ሰው ይምጣ እንጂ የፈለገውን ይልበስ።"

ለረጅም ጊዜ የያዝኩት ነገር አመለጠኝ።

"መምህር፣ ይህን ያን ቀን በሩ ላይ ቢሉት ኖሮ ባሌ ዛሬ እዚህ ነበር።"

የማንን ነገር እንደማነሣ ወዲያው ገባቸው። አልተቆጡም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። ባዶዎቹን ወንበሮች ዞር ብለው አዩ።

"ያኔ ብዙ ነበርን" አሉ።

ከዚያ ተነሥተው ገቡና ጸሎቱን ጀመሩ። እኔም ገባሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ነጠላዬን አስተካክዬ ከአሮጊቷ አጠገብ ቆምኩ፤ የሚባለውንም አልኩ።

ይህን ለባሌ እስካሁን አልነገርኩትም። ብዙ ጊዜ ስልኩን አንሥቼ ልነግረው ብዬ ተውኩት። ማነሳችንን ሰምቶ ደስ እንዳይለው እፈራለሁ።