ጀርባዋን ለውሃ ሰጥታ

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ መዋኛ እወስደዋለሁ። በሩን ገፍተን ስንገባ ያ ሞቅ ያለ የክሎሪን ሽታ አፍንጫዬን ይመታኛል፤ ያኔ እግሬ ባለበት ይቆማል። ልጄ እጄን እየጎተተ «ማሚ፣ ካም ኦን» ይለኛል። እሱ ወደ ውሃው ይቸኩላል። እኔ ግን በሐሳብ እዚሁ አሜሪካ ያለችው አሌክሳንድሪያ ሄጃለሁ፤ ላንድማርክ፣ የሰፈራችን መዋኛ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጀርባዋን ለውሃ ሰጥታ የተቀመጠች ሴት እያየሁ ነው። እናቴን።

የኛ ሚሌኒየም ሊገባ ወራት የቀሩት ጊዜ ነበር። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ገና ብዙም አልቆየንም። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ እኔ ደግሞ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ቁመቴ ብቻ ይመዘዛል። ትምህርት ቤት አፌን አልከፍትም ነበር። እንግሊዝኛው ይገባኛል፤ ግን ከአፌ ሲወጣ ልጆቹ ዞር ብለው የሚያዩኝ አስተያየት አለ። እሱን ላለማየት ስል ቀኑን ሙሉ ዝም ብዬ እውላለሁ። ቤት ስገባ ታዲያ የተጠራቀመውን ሁሉ እናቴ ላይ አወርደዋለሁ። «ኧረ ጆሮዬን ተይልኝ» ትለኝ ነበር የሥራ ጫማዋን እያወለቀች።

ፎቶውን ያየሁት ከአፓርታማችን መንገድ ተሻግሮ ባለው መዝናኛ ማዕከል ግድግዳ ላይ ነው። ከውሃ በታች የተነሣ ፎቶ ነበር። የኔ እኩያ የሚሆኑ ልጆች በሆዳቸው ተንሳፍፈው ቁልቁል ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ የውሃ መነጽር፣ አፋቸው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ አለ። ከበታቻቸው፣ ሐይቁ ሥር፣ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቆሟል። እንደው ዝም ብሎ ቆሟል፤ ልጆች ወርደው ትምህርት ቤት የገቡ ይመስላል። የወጣቶች የስኖርክል ክለብ ነው አሉኝ። የፈረንጁን ክረምትና ጸደይ እዚያው ገንዳ ውስጥ እየተለማመዱ ይቆያሉ፤ የበጋው መጨረሻ ላይ ደግሞ አሰልጣኙ ያንን አውቶቡስ ሊያሳያቸው ይወስዳቸዋል። ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ፣ በኋላ ውሃ የሞላው ትልቅ ጉድጓድ ነው ቦታው፤ አውቶቡሱን ጠላቂዎች እንዲለማመዱበት ብለው ነው ያሰመጡት። ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቢጫ ነገር ሳስብ አደርኩ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ታናሽ ወንድም ነበራት። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ዳር፣ እሷ ልብስ ስታጥብ እሱ ድንጋይ ላይ ሲጫወት ነው አሉ ውሃ የወሰደው። ሁለቱም ልጆች ነበሩ። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው፤ እሷማ አንድም ቀን አውርታው አታውቅም። ፎቶው እንኳ ቤታችን ውስጥ የለም። እኔ በዓይኔ የማየው ሌላ ሌላውን ነው፤ መኪናችን ድልድይ ላይ ሲወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ቴሌቪዥን ላይ ባሕር ከታየ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ትሄዳለች።

«የምን ውሃ ውስጥ መተንፈስ ነው? ዓሣ ናት እንዴ?» አለች አባቴ ሲነግራት።

«ገንዳው እስከ ደረቷ ነው። ጠባቂ አለ። ደግሞ ቁጭ ብለሽ ታያታለሽ» አላት።

«እኔ አላያትም» አለች።

የምሯን ነበር። ፈቀደችልኝ፤ የመጀመሪያውም ቀን እጄን ይዛ ወሰደችኝ፤ ከዚያ ወንበሩን አዙራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ የጸሎት መጽሐፏን አውጥታ ተቀመጠች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲሁ። ሌሎቹ እናቶች ለልጆቻቸው እጃቸውን ሲያወዛውዙ የኔዋ ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል፤ ነጠላዋ ከጃኬቷ በላይ፣ አንገቷ ጎንበስ ብሎ። ሌላ ልጅ ቢሆን ያፍር ይሆናል። እኔን ግን ይከፋኝ ነበር፤ እንድታየኝ እፈልግ ነበር።

ያ የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረው። «ኬሚካሉ ቆዳሽን ያበላሸዋል» ብላ ፊቴን በቫዝሊን ለቀለቀችኝ። እንዲህ አበራሁ ስል እንዳትጠራጠሩኝ፤ መብራት ቢጠፋ በኔ ፊት መጽሐፍ ይነበብ ነበር። መነጽሩን ሳጠልቅ አፍንጫዬ ላይ ይንሸራተታል፣ ሳስተካክለው አገጬ ላይ ይወርዳል፣ ውሃው በጎን ይገባል። አሰልጣኛችን ጡረታ የወጣ መርከበኛ ነው፤ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ድምፁ ከሆዱ የሚወጣ። ፊቴን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የእናቴን ጀርባ አየ። «የኔም እናት እንዲህ ነበር የምታደርገኝ» አለኝና በወረቀት እየጠረገ ይስቅ ጀመር። ሄዶ በትሕትና አስረዳት፤ እሷም «ኦኬ፣ ኦኬ» አለችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቫዝሊኑን ትታ የወይራ ዘይት ቀባችኝ።

ቅባቱ ሲቀር ግን መነጽሩ ያዘልኝ። ፊቴን ውሃ ውስጥ ሳስገባ ጩኸቱ ሁሉ ጠፋ። የራሴ ትንፋሽ ብቻ በቱቦው ውስጥ ሲሄድና ሲመጣ ይሰማኛል። የገንዳው ወለል ላይ ብርሃኑ እንደ መረብ ይወዛወዛል። ደስ ያለኝ ምን መሰላችሁ? አፍህ ውስጥ ቱቦ ካለ ማንም አናግረኝ አይልህም። ሁሉም ልጅ ዝም ያለበት ቦታ እኔም ዝም ብል ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። በእጃችን ነበር የምንነጋገረው፤ አውራ ጣት፣ መዳፍ፣ ጠቋሚ ጣት። በዚያ ቋንቋ ከማንም አላንስም ነበር።

በጋው ሲጋመስ አሰልጣኙ ጉዞው በሴፕቴምበር ሁለተኛው ቅዳሜ መሆኑን ነገረን። ለእናቴ ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠችው።

«ገንዳ አልሽ፣ እሺ አልኩ። ሐይቅ ግን አይሆንም።»

«ማሚ፣ ላይፍ ጃኬት እንለብሳለን። ኤቭሪባዲ ኢዝ ጎይንግ።»

«ኤቭሪባዲን የወለድኩት እኔ አይደለሁም» አለች።

አለቀስኩ። አባቴ ገብቶበት ሞከረ፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ቤትም ውስጥ አፌን ዘጋሁ። ማኩረፌ አልነበረም፤ የማወራው ነገር ሁሉ ወደዚያ ውሃ ስለሚሄድብኝ ነው። እናቴ ጫማዋን ስታወልቅ ቀና ብላ ታየኛለች፤ «ምነው፣ ዛሬ ወሬ የለም?» ትለኛለች። እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ። ይህ ዝምታ እሷን ምን ያህል እንዳስጨነቃት የገባኝ የራሴን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

አንድ ምሽት «እንግዲህ ንስሐ አባታችንን እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ካሉ አሉ» አለች። ተስፋ የቆረጥኩት ያኔ ነው። እሳቸው ማለት የክፍል ጓደኛዬ ቤት ልደር ብል እንኳ «ልጅ በቤቷ ትደር» ያሉ ሰው ናቸው። እናቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው፤ እኔ ራሴ እንድሰማው ነው።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ይቺ ልጅ ሐይቅ ልግባ ብላ አስቸገረችኝ። እስቲ እርስዎ ይምከሯት።»

«የምን ሐይቅ?»

«ከክለቧ ጋር። ራቅ ይላል አሉ። እኔ ደግሞ ያው፣ ያውቁታል።»

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መቼ ነው?»

«በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ሁለተኛው ቅዳሜ።»

በስልኩ ውስጥ ሲያሰሉ ይሰማኛል፤ ከንፈራቸው ያንሾካሹካል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ጳጉሜ ሦስት ነው።»

የእናቴን ፊት ብታዩት። የጾሙንና የበዓሉን ቀን አንዲት ሳታዛንፍ በቃሏ የምትይዝ ሴት፣ ይህኛው በፈረንጅ ቁጥር ስለተነገራት ብቻ አምልጧታል። ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። የዚያን ዕለት ዝናቡ ጠበል ነው፤ ወንዙም ምንጩም ይባረካል ይባላል። እሷ ራሷ በልጅነቷ ከእኩዮቿ ጋር ዝናቡ ውስጥ እየዘለለች፣ ሩፋኤል እንዲያሳድጋት እየጮኸች ስትለምን ያደገች ናት። እዚህ እንኳ ባለፈው ጳጉሜ ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሳ ሻወር ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት።

«በሩፋኤል ዕለት ልጅን ከውሃ የሚከለክል ማን ነው?» አሉ። «አንቺም አብረሻት ሂጂ።»

«እሺ አባቴ» አለች።

ሥራዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያየረች። ጠዋት የክለቡ ቫን ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ። ውድብሪጅ ጋ ወንዙን ስንሻገር ዓይኗን ጨፈነች። ቀኑ ዳመና ነበር። ስንደርስ ውሃው ከላይ ሲያዩት ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ዙሪያውን የተቆረጠ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። እናቴ ውሃውን አንዴ ሰረቅ አድርጋ አየችና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጠለያ ሥር ሄዳ ወንበር አዞረች።

እኔ ገባሁ። ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቆረጠው፤ ከዚያ ለመድኩት። አሰልጣኙ እየመራን ከዳር ጥቂት እንደራቅን ወደ ታች ጠቆመን። መጀመሪያ አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ነበር። ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ። ጣሪያው፣ መስኮቶቹ፣ መሪው ሳይቀር ታየኝ፤ በአንዱ መስኮት ዓሦች ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ ቀና ስል ሩቅ የእናቴ ጀርባ ታየኝ።

ያኔ ዝናቡ መጣ። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ፤ ሁላችንም እየተጋፋን ወጥተን ወደ መጠለያው ሮጥን። እኛ ወደ ጣሪያው ስንሮጥ እናቴ ከጣሪያው ወደ ዝናቡ ሮጠች። ጫማዋን አውልቃ፣ ጃኬቷን ጥላ፣ ሜዳው መሀል ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ቆመች።

«ማም፣ ፕሊስ፣ ካም ኢንሳይድ» አላት አሰልጣኙ።

«ንገሪው» አለችኝ። «ዛሬ ከዚህ ዝናብ አይሸሽም በይው።»

ሁሉም እኔን ያያሉ። የፈራሁት አስተያየት ይኸው ደረሰ። ግን እናቴ ዝናብ ውስጥ ብቻዋን ቆማለች፤ ከኔ በቀር የሚናገርላት የለም። በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። የዛሬ ዝናብ የተባረከ ነው አልኩ፤ እኛ ዘንድ ልጆች እንዲያድጉበት ይመቱበታል አልኩ። ቃል እየፈለግሁም ቢሆን ጨረስኩት። አሰልጣኙ ጆሮውን ወደ ሰማይ አቅንቶ አዳመጠ። «ነጎድጓድ ከሰማሁ ሁላችሁም ትገባላችሁ» አለና ኮፍያውን አውልቆ ራሱ ወጣ። ከዚያ ማን ይቅር። አንዱ ልጅ ሲዘል ሌላው ተከተለ። እናቴ እየዞረች በእጇ ውሃ እየያዘች አናታቸውን ታብስላቸው ነበር፤ አንድም ልጅ አልሸሻትም።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ሳስባት ግን መጀመሪያ የምትመጣልኝ እንዲያ ርሳ፣ እንዲያ ስቃ ነው።

ዝናቡ እንደመጣው ሄደ፤ ፀሐይ ወጣች። ልጆቹ ወደ እንቁላሉና ዳቦው ሄዱ። እናቴን ሳጣት ዞር ብዬ ፈለግሁ፤ ወደ ውሃው በሚወርደው የሲሚንቶ መንገድ ጫፍ ላይ ቆማለች። ወደ ውሃው ዞራ። አጠገቧ ሄድኩ።

«እስቲ ያን መነጽር ስጪኝ» አለችኝ።

አጠለቅሁላት። ቱቦውን አልፈለገችም። ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ቆመች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቷን ውሃው ውስጥ ከተተች። የነጠላዋ ጫፍ ተዘረጋና ተንሳፈፈ። ወዲያው ትወጣለች ብዬ ነበር፤ አልወጣችም። ጣቶቿ ክንዴ ላይ እየጠበቁ መጡ። ልስባት ስል ቀና አለች፤ ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ።

«ብርሃን አለ» አለች። «እስከ ታች ድረስ ብርሃን አለ።»

«አዎ፤ ፀሐይ ስትወጣ ይታያል» አልኳት።

«ጨለማ ነበር የሚመስለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ጨለማ ውስጥ የሄደ ነበር የሚመስለኝ።»

ስለማን እንደምትናገር ገባኝ። ትንፋሿን ስባ እንደገና ጎንበስ አለች። አሰልጣኙ ቫኑን አስነሥቶ እስኪጠራን ድረስ ደጋግማ አየች፤ እኔም ክንዴን ሰጥቻት አጠገቧ ቆሜ ነበር።