አክስቴ በቁሟ የተለቀሰላት ዕለት

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቶቼ ዛላ በርበሬ ሲቀነጥሱ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ መጣና አስነጠሰኝ። ካስነጠስሁ በኋላ ሳቅሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ ተመለሰች። ምን እንዳሳቀኝ ለመንገር ረጅም ነው፤ ቀስ እያልሁ ልጻፈው።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ መምህርነት እማራለሁ፤ የምኖረው ከአክስቴ፣ ከአባቴ እህት ጋር ነው። ባለቤቴ ገና ባለቤቴ አልሆነም። የከብት ሐኪም ነው፤ ገበሬዎቹ «ዶክተር» ይሉታል። ከቁይ እስከ አማኑኤል በሞተር ብስክሌት ሲዞር ከመድኃኒት ሣጥኑ ጎን ትንሽ ካሜራ አይለየውም። ያየውን ሁሉ ያነሣል፤ በረዶ የመታው ገብስ፣ የተቆለፈ በር፣ ጭጋግ ውስጥ ለብቻው የቆመ የጅብራ ተክል፣ የበሬ ፊት። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ያነሣውን ይጭናል። ከየአገሩ ፎቶ የሚወድዱ ሰዎች የሚገናኙበት ገጽ ነበር። ሙያተኛ የለበትም። አንዱ የጋገረውን ዳቦ ያወጣል፣ ሌላው የቤቱን ደረጃ፣ ሌላዋ በረዶ የሸፈነው ብስክሌቷን። ማንም ማንን አያውቅም፤ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ያያል። የእኛ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይከፈትና ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። እንደገና እንጀምራለን።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ የባለቤቴ ወዳጅ የሆነ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከጁምዓ መልስ ሱቁን ሲከፍት ፀሐይ ጥቅል ጨርቆቹ ላይ የምታርፍበትን ሰዓት ጠብቆ የሚያነሣ ሰው ነበር። አሮጌ ካሜራውን አዋሰኝ። ሦስታችን እንዲህ ተገናኘን።

ከሩቅ አገር «እንዴት ያምራል» ይሉናል። የገዛ ከተማችን ሰው ግን አላየንም። ብናሳየውም «የበሬ ፎቶ? በሬው ራሱ በደጄ እያለፈ?» ይላል። የባለቤቴ ወንድምማ «ሰው ጎጆ ይቀልሳል፣ አንተ የሰው በር ታነሣለህ» እያለ በሰው ፊት ይቀልድበት ነበር። ባለቤቴ ይስቃል። አንድ ቀን ግን ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ «አንድ ጊዜ ብቻ የራሳችን ሰው ቢያየን» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ፎቶዎቻችንን ለሕዝብ ልናሳይ ለምኖ ለምኖ የከተማውን አዳራሽ ኃላፊ ለአንድ ቅዳሜ አስፈቀደ። ኃላፊው ቁልፉን ሲሰጠው «ሰው ካልመጣ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ» አለው። ስንወጣ ባለቤቴ «ካልመጡ እኔም ካሜራውን እተወዋለሁ» አለን። ጨርቅ ነጋዴው እንደ ወትሮው ሊቀልድ አፉን ከፈተና የባለቤቴን ፊት አይቶ ተወው።

በር ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ የእኔ እንዲሆን የመረጠው ባለቤቴ ነው። አክስቴ በርበሬ ስትቀነጥስ ያነሣኋት ነው። ልታስነጥስ ቀና ብላለች፤ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ እንባዋ በሁለቱ ጉንጮቿ ወርዷል፣ የጠዋት ብርሃን ሽበቷ ላይ አርፏል። ገጹ ላይ ሳወጣው አንድ የማላውቀው ሰው «ከዚህች እናት ፊት የአንድ ሕዝብ ኀዘን ይነበባል» ብሎ ጽፎ ነበር። ወደ አማርኛ መልሼ ነገርኋት።

«በርበሬ ነው በይው» አለች።

«ልብ ይነካል ይላል፣ እትዬ።»

«አፍንጫም ይነካል በይው።»

አዳራሽ በር ላይ ልንሰቅላት መሆኑን ስነግራት «ምን አጥፍቼ?» አለች። ከዚያ ጥቂት አስባ «ስቀሉኝ» ብላ ፈቀደች።

ፎቶው አዲስ አበባ ታትሞ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ በዚያው ቅዳሜ ቀትር ላይ በአውቶቡስ መጣ። መነኻሪያ ስንደርስ መሸፈኛው መንገድ ላይ ተቀድዶ አገኘነው። ያካፋል። ባለቤቴ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ያዝን፤ ጨርቅ ነጋዴው ከኋላ ጥቁር ጃንጥላውን ፎቶው ላይ ዘረጋ። እኔ የነጠላዬ ጥለት ጭቃ እንዳይነካው ወደ ላይ ገልብጬ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ። እንዲህ ሆነን በገበያው መሐል ለመሐል አለፍን።

አሁን ሳስበው፣ እኛ አገር የአሮጊት ፎቶ በጃንጥላ ተይዞ፣ ጥለቷን ወደ ላይ ያደረገች ልጅ ተሸክማው ሲሄድ፣ ትርጉሙ አንድ ነው። መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይጠየቅም። ስለዚህ ማንም አልጠየቀንም። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሽንኩርት ሻጮቹ ዕቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ተነሡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላችን ገቡ። የእግራቸው ድምፅ ጭቃው ላይ እየበዛ ይሰማኛል።

«አየሽ?» አለኝ ባለቤቴ በሹክሹክታ። «እየመጡ ነው። ወደ ኋላ አትዪ፣ እንዳይሸሹ።»

«ኮፍያ እኮ ነው የሚያወልቁት» አለ ጨርቅ ነጋዴው። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሱቅ ስከፍት ለጨርቄ ኮፍያ ያወለቀ አላየሁም።»

አዳራሹ ግቢ ስንደርስ የአክስቴ የማኅበር ጓደኛ፣ በከተማው የታወቀች አልቃሽ፣ ሰውን ሰንጥቃ መጣች። ፎቶውን አየች፤ ደረቷን መታች፤ ድምፅዋን ለቀቀችው።

*ላላፊ ላግዳሚው በርሽ ሳይዘጋ፣*
*እንግዳ ነኝ ብሎ ሞት ደረሰ ካልጋ።*

ግቢው በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። ባለቤቴ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ሕዝቡ ሊያየን አልመጣም። እውነቱን ብንናገር ይበተናል፤ ዝም ብንል ደግሞ እንዴት ዝም ይባላል?

አክስቴ ከማለዳ ጀምራ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። አግዳሚ ወንበር እየወለወለች፣ ለሚመጣው ተመልካች ያመጣችውን ድፎ እየቆረሰች ነው። ጩኸቱን ሰምታ መጥረጊያዋን እንደያዘች በር ላይ ወጣች።

«ማን ነው የሞተው?»

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየሳሳ ቆመ። አልቃሿ ዓይኗን ገለጠች።

«አንቺ! አልሞትሽም?»

«ጊዜም አላገኘሁ።»

«ጉሮሮዬን ጨረስሁት እኮ!»

«ግጥሙ ግን ደኅና ነው» አለች አክስቴ። «ግማሹ አመለጠኝ፤ እስቲ ድገሚው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። እንባቸውን ሳይጠርጉ ነው የሚስቁት። አንዳንዶቹ አፍረው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ መውጫው ዞሩ። ባለቤቴ ከኋላቸው እያየ ነው። አክስቴ እሱን አየችው፣ ከዚያ እነሱን አየች፣ መጥረጊያዋን በሩ ላይ አቆመች።

«ለቅሶ ደርሶ ሳይቀመጡ መመለስ የት አገር ያለ ነው? እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነውር የለም። ግቡ።»

ለቅሶ የደረሰ ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ፣ እህል ሳይቀምስ አይሄድም። ያንን ማንም ሊክድ አይችልም። ገቡ። እርጥብ ጋቢና የጭቃ ሽታ አዳራሹን ሞላው። መጀመሪያ ድፎውን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ አንዲት ሴት እንደተቀመጠች አንገቷን ዘርግታ ፎቶዎቹ ወደተሰቀሉበት ግድግዳ አየች።

«ይኼ በር የእኛ አይደለም እንዴ?»

ተነሣች፤ ሌላውም ተነሣ። «ይኼ የጎረቤቴን ገብስ የጨረሰው በረዶ ነው።» «ይህችን ጅብራ አውቃታለሁ፤ ከሥሯ ዝናብ ተጠልያለሁ።» አባት ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣል፣ አንዱ ሌላውን በክንዱ ይጎትታል። አልቃሿ የአክስቴ ፎቶ ፊት ቆማ ጥቂት አየችና «ይቺ ልታስነጥስ ነው እንጂ» አለች። የሩቁ ሰው የሕዝብ ኀዘን ያነበበበትን ፊት እሷ ባንድ አፍታ ጨረሰችው።

የአዳራሹ ኃላፊ ሲመጣ መግቢያ አጣ። ከደጅ ቆሞ በሰው ትከሻ ላይ አየ፤ ከዚያ ባለቤቴን ጠርቶ «ቁልፉ አንተ ጋ ይቆይ» አለው። የባለቤቴ ወንድምም መጥቶ ነበር፤ አንድ ፎቶ እያሳየ ለማያውቀው ሰው «ይኼን ያነሣው የእኔ ወንድም ነው» እያለ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ በሰው መሐል ተጋፍቶ አጠገቤ ደረሰ።

«የሩቁ ሰው ያምራል ይላል» አለኝ። «እነዚህ የማን ነው ይላሉ።» ሌላ ሊጨምር ፈልጎ አልቻለም። ያን ያህል ደስ ብሎት ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስንጋባም፣ ልጃችን ስትወለድም እንኳ ደስታው እንደዚያ ቃል አላሳጣውም።

ወደ ማታ ሰው ሳሳ። ከቁይ በኩል ለገበያ የመጣ አንድ ገበሬ ብቻ የበሬው ፎቶ ፊት ቀረ። ብዙ ቆየ።

«ዶክተር፣ ይኼ የእኔ ነው።»

«አዎ፤ ያከምሁት በሬ ነው።»

«ያላዳንኸው።»

«ያላዳንሁት» አለ ባለቤቴ።

ገበሬው ራሱን ነቀነቀ። በነገሩ ቂም አልነበረበትም። «ከኋላው ሆኜ ነው ያረስሁ። ጀርባውን ነበር የማውቅ። ፊቱ እንዲህ መሆኑን ልብ አላልሁም።»

ባለቤቴ ፎቶውን ከሚስማሩ አወረደና በሁለት እጁ ሰጠው። «ይውሰዱት።» ገበሬው ጋቢውን ከፈት አድርጎ ደረቱ ላይ አስገባው፤ በላዩ ተከናነበና ወደ ካፊያው ወጣ።

አክስቴና ጨርቅ ነጋዴው ወንበር ይደረድራሉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። እንዝጋ ብዬ ጠራሁት።

«ቆዪ» አለኝ ሳይዞር፣ «እስኪሻገር።»

ብዙ ዓመት አብሬው ኖርሁ። ፊቱን ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሳስበው ቶሎ የሚመጣልኝ ያ በሩ ላይ የቆመው ጀርባው ነው። ሄጄ ከጎኑ ቆምሁ። ገበሬው መንገዱን ተሻገረ፤ የባሕር ዛፎቹ ሥር ሲደርስ ጠፋ። ባለቤቴ አልተንቀሳቀሰም። እኔም ሁለተኛ አልጠራሁትም።