የግራናው ባዶ መጋዘን

ብክነት አልወድም። ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው በቀን የበራ አምፖል ማጥፋት ነው፤ ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል። ስለዚህ አገልግሎት የማይሰጡ የመንግሥት ሕንፃዎች ተለይተው ይወገዱ የሚል ደብዳቤ ከወልድያ ወደ መርሳ ሲመጣ፣ ከወረዳው ንብረት ክፍል ሠራተኞች ሁሉ ይበልጥ የተደሰትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እኛ በኪራይ ቤት አራት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ እየተጋፋን፣ መንግሥት በየገጠሩ ቆርቆሮ የለበሰ ባዶ ቤት ቆልፎ ይቀመጣል። ይኼ ያናድደኛል።

በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው የግራናው የዘር መጋዘን ነበር። ግራና ተወልጄ ያደግሁባት ናት፤ መጋዘኑም ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ነው። ቅጹን በማህደር ይዤ፣ ቀይ ቀለም በጣሳ አንጠልጥዬ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት እናቴን ነው።

«ይኼን መጋዘን ማን ይጠቀምበታል?»

እጄ ላይ ያለውን ማህደር አየች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«ማንም» አለች።

ባለሱቁም ማንም አለኝ። የመጋዘኑ ዘበኛ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሽማግሌ ናቸው፤ «አባባ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ» ብላቸው ቁልፉ ጠፍቷል አሉኝ። መቼ ጠፋ ስላቸው «አላህ ይወቀው» አሉ። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ፤ ጨለማ ነው። «ባዶ፤ አገልግሎት አይሰጥም» ብዬ ሞላሁና በሩ ላይ እንደሚፈርስ ቤት በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍኩበት። ረክቼ ተመለስኩ።

ከሳምንታት በኋላ መርሳ መናኸሪያ የሰፈራችንን የቅሬ ዳኛ፣ ሌላው አገር የዕድር ዳኛ የሚላቸውን፣ አገኘኋቸውና ሻይ ጋበዝኳቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ስናወራ ቆይተን፣ በመሃል «እንግዲህ ድንኳኑን የት እንደምናደርገው እንጃ» አሉና ቶሎ ብለው የሻይ ብርጭቋቸውን አነሱ።

«የቱን ድንኳን?»

አድበሰበሱት። እኔም አልለቀቅኳቸውም። ለካስ የቅሬያችን ዕቃ ሁሉ፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሬሳም በሽተኛም የምንሸከምበት ቃሬዛ ሳይቀር፣ ለዓመታት የተቀመጠው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሟቹ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም የሰፈሩ ለቅሶ የሚቆመው በዚያ ዕቃ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ቅጹ ገና አልጸደቀም ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች «እንጠቀምበታለን» ብለው ከፈረሙ መጋዘኑን ከዝርዝሩ ማውጣት እችላለሁ። በገበያ ቀን ሄጄ ሰበሰብኳቸው።

«መፈረሙስ ባልከፋ» አሉ ዳኛው። «ነገ ግን ያለ ፈቃድ በመንግሥት ቤት ተጠቀማችሁ ብሎ የሚጠይቀን አይጠፋም።»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ እኮ!»

«አንተ ዛሬ አለህ» አሉኝ ዘበኛው። «ነገ ሌላ ይመጣል።»

ጮኽኩ። በሽማግሌ ፊት መጮኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቤቱ ሊፈርስባችሁ ነው፣ ዕቃችሁ ዝናብ ሊመታው ነው አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና መረቁኝ። አንድም ሰው አልፈረመም። ለራሳቸው ብዬ እየለመንኳቸው ለምን እንደሚፈሩኝ፣ ከፈሩኝ ደግሞ ለምን እንደሚመርቁኝ ሊገባኝ አልቻለም። ወደ መርሳ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር።

ቅጹን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ከወልድያ የመጣ ቀን መቆለፊያውን ለመስበር መዶሻ ይዘን ነበር። ዘበኛው ከኪሳቸው በክር የታሰረ ቁልፍ አወጡ።

«ተገኘ» አሉ።

ዕቃው ሊታይ ነው፣ «ባዶ» ብዬ መጻፌም የእነሱም ምስጢር ዛሬ አብሮ ሊወጣ ነው ብዬ ከሰዎቹ ኋላ ቀረሁ። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ተጠርጓል፤ አንዲት ጭራሮ እንኳ የለችም። ወለሉ ላይ የአግዳሚ እግር ያጎደጎደው ምልክት ብቻ በረድፍ ይታያል፤ ከእኔ በቀር ልብ ብሎ ያየው የለም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ስለ ጥንቃቄዬ አመሰገኑኝና ሁላችንም ፈረምን። ወጥተን ዳኛውን ወደ ጎን ስቤ ዕቃው የት ገባ ብላቸው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ «የምን ዕቃ?» አሉኝ። እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ እነሱ?

ራሴን እያመመኝ እናቴ ቤት ገባሁ። ካደግሁባት ክፍል ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ በሩን ብገፋው እምቢ አለ። በትከሻዬ ገፋሁት። የተጠቀለለ ድንኳን፣ እስከ ጣሪያ የተደራረበ አግዳሚ፣ ጥላሸት የለበሰ ድስት። ቃሬዛው የምረቃ ፎቶዬ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«አልጋዬስ?» አልኳት።

«ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠኋት። ልትወልድ ነው፤ መሬት ላይ ነበር የምትተኛው።»

«እኔን ሳትጠይቂኝ?»

እናቴ ዛሬ ማህደሩን አላየችም። ፊቴን ብቻ አየች።

«ዳኛው መጥተው ይኼን ክፍል ማን ይጠቀምበታል አሉኝ» አለች። «ማንም አልኳቸው።»

የተፈረመውን ማህደር የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ፣ እንደያዝኩት በሩ ላይ ቆምኩ።