ዳሽቦርዱ ይውረድ ሲለኝ እንቢ ያልኩበት ለቅሶ

ባለቤቴ አስም አለባት። አቧራ ከነካት ደረቷ ያፏጫል። ባለፈው በጋ ቦምቤ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ሞተ። እኛ ዘንድ እህት ለወንድሟ ለቅሶ ዘግይታ ከደረሰች ዕድሜዋን ሙሉ ይወራባታል። ወደ ቦምቤ ሲኬድ ደግሞ ከአረካ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ከፊት ካለ ሰማዩ አይታይም። ስለዚህ መስኮት መዘጋት አለበት፣ መስኮት ተዘግቶ በዚያ ፀሐይ ለመሄድ ደግሞ የመኪናው ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ መሥራት አለበት። የእኔ ኤሲ ጋዝ በተሞላ በሳምንቱ ባዶ ይሆናል።

ሶዶ ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ መገጣጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባ። የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው ይንተከተካል። የትም አልተንተከተከም።

«አባባ፣ የሚያፈሰው ውስጥ ነው» አለኝ። «ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው የምታቀዘቅዘው ራዲያተር ናት። ዳሽቦርዱ ይውረድ። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

«ለቅሶ ሁለት ቀን ይጠብቃል? ጋዙን ሙላና ልቀቀኝ።»

«ከሞላሁት ጋዙ የሚወጣው ወደ እናንተ ነው።»

«አርባ ዓመት መሪ ስይዝ አንተ የት ነበርክ?»

«እናቴ ሆድ ውስጥም አልነበርኩ» ብሎ ሳቀና ሞላው። እንዳሸነፍኩ ቆጠርኩት።

እስከ አረካ ቀዝቃዛው አየር ደስ አላት፤ እንዲያውም ዛሬ እንደ ሹም ሄድኩ ብላ ቀለደች። ጠጠሩ ላይ ስንገባ ከአየር መውጫው ጭስ የመሰለ ቀጭን ነገር ታየኝ። ዘይት ዘይት ይሸታል። ቅዝቃዜው ነው ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ። ጥቂት እንደሄድን ክንዴን ያዘችኝ። ዞር ብዬ ሳያት አፏ ተከፍቷል፣ አየር ግን አይገባም፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

መስኮቱን ላወርድ እጄን ሰደድኩ። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያነሳ ነው። ብዘጋው ጋዙ፣ ብከፍተው አቧራው። ያን ያህል ዓመት ስነዳ ገደል ጫፍ ላይ ፍሬን በጥሶብኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ቀን ግን አልፈራሁም።

ኤሲውን አጠፋሁ፣ ከመንገድ ወጥቼ እርሻ መሀል ገባሁና አቅፌ አወረድኳት። የሚነፋ መድኃኒቷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትቼ አፏ ላይ ነፋሁ። አንድ። ሁለት። አንዱ ስቶ ጉንጯ ላይ ባከነ። «ተንፍሺ፣ እባክሽ» አልኩ። እኔ እባክሽ የማልል ሰው ነኝ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ፤ ያን የምጠላውን ፉጨት ስሰማ አለቀስኩ።

መናገር ስትችል «ወንድሜ...» አለች።

«ወንድምሽ ሞቷል። አንቺን አልጨምርለትም» አልኩና ወደ አረካ ተመለስን፣ ጤና ጣቢያ። ለቅሶው አለፋት። እስከ ዛሬ ዘመዶቿ ይጠይቋታል፣ እሷም መኪና ተበላሸ ትላለች። እኔ ነኝ የተበላሸሁት።

በማግስቱ ሶዶ ስንመለስ መካኒኩ ዳሽቦርዱን አወረደ። ራዲያተሯ ከጋዙ ጋር በሚወጣው ዘይት ርሳለች። ዘይቱን በጣቱ ጠርጎ አሳየኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ገጠመ፣ ውስጡ ያለውን አየር በቫኪዩም ማሽን ስቦ አወጣ፣ እንደማያፈስ እንዳውቅ የጌጁ ቀስት ሳይንቀሳቀስ መቆሙን አሳየኝና ጋዝ ሞላ።

ላሳፍራት ስል ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«መጀመሪያ አንተ ብቻህን ዘግተህ ተቀመጥ» አለች።

ተቀመጥኩ። መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ውሻ እያሸተትኩ፣ አየር መውጫው ላይ አፍጥጬ፣ ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር ጋዙ መጣ እያልኩ ቆየሁ። እሷ ከመስተዋቱ ውጭ ቆማ ደረቴን ታያለች። ስትጠግብ በሩን ከፍታ ገባች። ቀበቶዋን አሰርኩላትና የእሷን መስኮት እስከ ታች አወረድኩት። እሷ ናት መልሳ የዘጋችው።