ቪብከና የስልሳ ዩሮው ሸክላ

ቪብከ በርሊን፣ ኖይኮልን ሰፈር ውስጥ የሙዚቃ ሸክላ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ባል የላት፣ ቤት የላት፤ ያላት ጆሮዋ ነው። አንድ ሸክላ ላይ በእጇ የጻፈችው ካርድ ከተለጠፈ ደንበኛው ሳያዳምጥ ይገዛል። እሷም ዋሽታ አታውቅም፤ የጓደኛዋን ሥራ ሳይቀር «ውኃ ውኃ ይላል» ብላ ትመልሳለች።

ያን ቅዳሜ ረፋድ ሱቁ ጢም ብሎ ሳለ፣ ቶርበን የሚባል ወጣት ደንበኛዋ የሙዚቀኛ ጓደኛዋን የዴትሌፍን አዲስ አልበም ብብቱ ሥር ወሽቆ ገባ።

«ቪብከ፣ ስልሳ ዩሮዬን መልሺልኝ።»

«ምነው? ተጭሯል እንዴ?»

«ምንም አልሆነም። ካርድሽ ‹ያስለቅሳል› ይላል። የቱ ጋ ነው የሚያስለቅሰው? ዝም ብሎ ዱብ ዱብ ነው እኮ! የሕፃናት ልደት ላይ እንኳ ይሰለቻል።»

ደሟ ፈላ። ወንድሟ በመጋቢት ከሞተ ወዲህ እንባዋን ያወረደላት ይኼ አልበም ብቻ ነው። በአንድ ወር አርባ ሰው በእሷ ቃል ገዝቶታል።

«ጆሮህን ታጠብ! ሐዘን መቼ ታውቅና!»

«ኧረ ተይኝ! የማሽን ጩኸት ነው ሐዘን? ያውም በስልሳ ዩሮ?»

«እንካ ስማ!» ብላ ሸክላውን ነጥቃ የሱቁ ማጫወቻ ላይ አኖረችው። ከባድ፣ ዝግ ያለ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቶርበን ግንባሩን ቋጠረ።

«ይኼ እኔ ቤት የሰማሁት አይደለም» አለ።

በዚህ መሀል ዴትሌፍ ራሱ አበባ ይዞ ሊያመሰግናት መጣ። በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ቪብከ፣ ምን ነካሽ? ፍጥነቱን ተሳስተሻል እኮ! ቶሎ በሚሽከረከረው ነው የሚሰማው። ለልጄ ሰርግ የሠራሁት ጭፈራ ነው!»

የእነዚህ የማሽን ሙዚቃ ሠሪዎች አመል ደግሞ! የሸክላው ልባስ ላይ አንዲት ፊደል አለመጻፍ ትልቅ ሙያ ይመስላቸዋል። ስም የለ፣ ከማጫወቻው ሁለት ፍጥነቶች በየትኛው እንደሚሰማም የለ። ዘፋኝ የለበት፣ ድምፁ ተጎተተ ብሎ የሚነቃ ማን አለ? እሷም ወር ሙሉ በቀስታው ነበር የምትሰማው።

የቪብከ ፊት ቲማቲም መሰለ። ፍጥነቱን ቀየረችና አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው። ከደንበኞቹ ማንም አልወጣም። ዴትሌፍ ዓይን ዓይኗን ያያል።

«እሺ? ስልሳ ዩሮ አያወጣም?»

«ያወጣል» ማለት ምን ይከብዳል? ካርዱም ይተርፍ ነበር፣ ጓደኛዋም፣ ስሟም።

«አያወጣም፣ ዴትሌፍ። ባዶ ነው። ያለቀስኩት ወንድሜን ነው፤ አንተ የለህበትም።»

«ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ። አበባውን እንደያዘ ወጣ።

ለቶርበን ገንዘቡን መለሰችለት፤ ይቅርታም ጠየቀችው። ከዚያ በሩ ላይ ጽፋ ለጠፈች፦ «ተሳስቻለሁ። የዴትሌፍን አልበም በእኔ ቃል የገዛ ሁሉ ገንዘቡን ይውሰድ።»

ሰኞ ሱቁን ልትከፍት ስትመጣ ሰባት ሰዎች ሸክላቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። አንዳቸውም እንደ ወትሮው ቀና ብለው ሰላም አላሏት።