ከምጽዋ ወዲያ ስንት አዳር?

አጎቴ ሙሄ መንገድ በኪሎ ሜትር ሲለካ ከሰማ ይናደድ ነበር። «ኪሎ ለበርበሬ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰንጋ እየነዳ ከሰንበቴ ገበያ ያልደረሰበት አገር የለም፤ የእሱ መለኪያ አዳር ነው። ከከሚሴ ደሴ? ሁለት አዳር። ባቲ? ሦስት። በግትርነቱ እንስቅበት ነበር እንጂ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አዳሩን የማያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ለሐጅ በእግራቸው ወጡ። አምስት ወር ተጉዘው ምጽዋ ደረሱ፤ ጀልባ ሲጠብቁ ንዳድ ያዛቸውና እዚያው ባሕሩ ዳር ተቀበሩ። እናቱን፣ አያቴን መሪየምን፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ አልለቀቃትም፦ ባሏ ሲሞት መካ ለመግባት ስንት አዳር ቀርቶት ነበር?

በ1975 ነሐሴ፣ ከቀበሌ የጀመረው ደብዳቤ ስንቱን ቢሮ ዞሮ፣ ለሙሄ የሐጅ ፈቃድ ወጣለት። አያቴ እጁን ይዛ፣ «ያ ሙሄ፣ በአባትህ ላይ ስታልፍ ሰላም በለው፤ ፋቲሓም ቅራለት። ከእሱ ወዲያ ያለውን አዳር ደግሞ ቁጠርልኝ» አለችው።

አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶብስ ተንገላታ። በማግስቱ ጠዋት የሐጁን ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ የሦስት ሳምንት በሶውን አቅፎ አውሮፕላን ላይ ወጣ።

«ልጄ፣ ስንት አዳር ነው?» ብሎ አስተናጋጇን ጠየቃት።

«አዳር የለውም አባባ። ጅዳ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው።»

ያሾፈችበት መሰለው። ጥቂት ቆይታ ከታች ያለው ደመና የወሎ ሰማይ መሆኑን ስትነግረው ግን አፉን ያዘ። ትናንት ወገቡ እስኪቆረጥ የመጣውን መንገድ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀዳለት መልሶታል። «አጃኢብ! ያ ረቢ፣ አጃኢብ!» አለ።

ምጽዋ ሲደርሱ እንድትነግረው ለመናት። እንዳያልፈው ፈርቶም ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ከተነሱ አንድ ሰዓት እንዳለፈ መጥታ ትከሻውን ነካችው። ደመናው ተገልጦ ነበር፤ ቢጫ መሬት፣ ከዚያም ባሕር። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባዬ» አለና ፋቲሓውን ጀመረ። አሚን ብሎ ቀና ሲል የብስ የሚባል ነገር የለም። ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ሰው አየኝ ብሎም አልተሸሸገ። ይህን ሲያወራን፣ «ፋቲሓ እኮ ሰባት አያ፣ ሰባት አጭር መስመር ናት!» ይላል፤ በነገረን ቁጥር እንደ አዲስ ይደነግጣል።

የቀረው ባሕር አንድ ሰዓት አልሞላም። ከጅዳ በመኪና ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መካ ገባ።

ወደ አገራችን ከሚሴ ሲመለስ ጨንቆት ነበር። አባቱ ይህን ያህል ቀርበው መሞታቸውን አያቴ ብትሰማ ታርራለች ብሎ ፈራ። ብዋሽስ ብሎም አሰበ። ግን በመንገድ ጉዳይ ዋሽቶ አያውቅም። አያቴ ዓይኗ ደክሟልና ፊቱን ዳበሰች።

«ቆጠርክልኝ?»

«አዳር አልቀረውም ነበር፣ እማ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

እጇን ከፊቱ አንሥታ ወደ ላይ ዘረጋች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እንግዲያ ደርሷላ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ እስክትሞት ድረስ፣ ባሏን ሐጂ ብላ ነበር የምትጠራው።